ይታይሽን ምች አልገደላትም

የሟች ቤት ጥያቄን ከእንግዲህ በስልክ ሊያደርጉት ነው ሲሉ ሰማሁ። የነገረችኝ በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ አገኘችኝና ደስ ብሏት ነገረችኝ።

«እትዬ ጥሩ፣ ዳገት መውጣት ቀረ። ጭቃም ቀረ። ቁጭ ብሎ መደወል ብቻ ነው።»

«ሐዘንተኛ በስልክ ምን ይልሻል?» አልኋት።

«የጠየቅሁትን ነዋ።»

ያ መልስ ውስጤ ገብቶ አልወጣ አለ። ይህን መጻፍ የጀመርሁትም ስለሱ ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም በማታ ነው የተማርሁት። የልጅ ልጆቼ የፊደል አጣጣሌን እያዩ ይስቃሉ። ይሳቁ። የማውቀውን ሳልናገር ብሞት ግን እኔንም እንደሌሎቹ በሆነ ባልሆነው ይጽፉኛል።

ሥራዬ ምን እንደነበር ላስረዳ። በአገራችን ብዙ ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው። ሐኪም አያየውም፤ ጠዋት ሞቶ ከሰዓት በኋላ ይቀበራል። ታዲያ ሰው በምን በምን እየሞተ እንደሆነ፣ የትኛው በሽታ ጨምሮ የትኛው እንደቀነሰ ለማወቅ ሲፈለግ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ይላካል። አርባው ካለፈ በኋላ ሟቹን ወዳስታመመው ሰው ቤት እንሄዳለን፤ አሟሟቱን እንጠይቃለን፤ መልሱን ታብሌት ላይ እንሞላለን። ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያን አንብበው የሞተበትን ምክንያት ይወስናሉ። ከየአገሩ የተሰበሰበው ሲደመር የአገር ቁጥር ይሆናል።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ለምኜ ሳይሆን ተቀጥቼ ነው። ከዚያ በፊት ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ነበርሁ። ክፍሉን እወለውላለሁ፤ አስታማሚ የሌለውን በሽተኛም አገላብጣለሁ። አንድ ቀን ከገጠር አንድ ገበሬ በቃሬዛ ይዘው መጡ። አስም ነው። ትከሻው እስከ ጆሮው ወጥቶ ይወርዳል፤ ሁለት ቃል ይናገርና ሦስተኛው ላይ ይቆማል። መድኃኒቱን እንደ እንፋሎት አድርጎ ወደ ሳንባ የሚያስገባው መሣሪያ በዚያ ክፍል አንድ ብቻ ነበር። ሊያደርጉለት ሲሰናዱ የአንድ ባለሥልጣን ዘመድ በመኪና መጣ። እሱም አስም አለበት፤ ግን በስልክ እያወራ ነው የገባው። መሣሪያው ወደሱ ዞረ። እኔ መወልወያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምሁ።

«ቀድሞ የመጣው ይኼኛው ነው» አልሁ።

«አንቺን ምን አገባሽ?»

«ተራው ነው ያገባኝ።»

ገፍተውኝ አለፉ። ገበሬው መሣሪያው እስኪመለስለት አልቆየም። ሬሳውን ሳጥብ እጆቹ ጉልበቶቹን እንደጨበጡ ነበሩ፤ አንድ ባንድ ነው ጣቶቹን ያላቀቅሁት። ከዚያ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ተከሰስሁና ሮብ ገበያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛወርሁ። ሮብ ገበያ ከጮቄ ተራራ ሥር ናት። ብርዱን አስበው ነው ቅጣት ያሉት።

እዚያ አቶ አንሙትን አገኘኋቸው። ወጣት ሳሉ ጤና ረዳት ነበሩ፤ በኋላ ደግሞ የሟች ቤት ጠያቂዎች ተቆጣጣሪ ሆኑ። ጠያቂ አይበረክትላቸውም ነበር። የተማሩት ልጆች ይቀጠራሉ፤ ጥቂት ሐዘን ቤት ገብተው ይለቃሉ። አንድ ቀን ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ልጇ የሞተባትን ሴት ሳጫውት አዩኝ።

«ማንበብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ የጻፉት ካልሆነ እችላለሁ» አልኋቸው። ጽሕፈታቸው የዶሮ ጭረት ነበር። ሳቁና በማግሥቱ ይዘውኝ ወጡ።

ሥራውን የተማርሁት ከእሳቸው ነው። ሐዘን ቤት ሲገቡ ሐዘንተኛው ከተቀመጠበት ከፍታ በላይ አይቀመጡም፤ እሷ መሬት ከሆነች እሳቸውም መሬት ናቸው። ወንበር ቢያቀርቡላቸው ጋቢያቸውን ያስቀምጡበታል። ታብሌቱን ቶሎ አያወጡም። መጀመሪያ ስለ ኑሮው ነው፤ ምን ይወድ ነበር፣ በምን ይናደድ ነበር። ሰውየው እንደገና በቤቱ ውስጥ ሲመላለስ ከታያቸው በኋላ ነው ወደ ሞቱ የሚሄዱት።

የበሽታ ስም ደግሞ ከአፋቸው አይወጣም። «ስሙን ስትጠሪው ሰው በሩን ይዘጋብሻል። ድምፁን ጠይቂ» ይሉኝ ነበር። ደረቱ ሲተነፍስ ምን ይል ነበር? ይሉና ራሳቸው በጥርሳቸው መሐል ያፏጫሉ፤ እንዲህ ነው? ቀጥለው ደግሞ ከጉሮሯቸው ያንኮራኩራሉ፤ ወይስ እንዲህ? ሌሊት ተጋድሞ ነበር ተቀምጦ የሚተኛ? በር ክፈቱልኝ ይል ነበር? ዳገት ላይ ወሬ ያቋርጥ ነበር? እግሩስ አብጦ ነበር? እግሩ ካበጠ ልብ ሊሆን ይችላል፤ እየተኮሰው ጎኑን ከወጋው የሳንባ ምች ነው፤ ሲፏጭ ኖሮ፣ አንድ ሰሞን ደህና ሆኖ፣ ብርድ ወይ አቧራ ሲያገኘው የሚነሣበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ሦስቱን በድምፅ ለይቼ ማፏጨት እስክችል ድረስ ከእሳቸው ጋር መንገድ ለመንገድ እያፏጨን ሄድን። ገበሬዎች እያዩ እነዚህ ሽማግሎች አብደዋል ሳይሉን አልቀሩም።

ከሁሉ ያስቸግረን የነበረው አስም ነው። ሰው ስኳርን ይናገራል፣ ደም ግፊትን ይናገራል፣ ዛሬ ዛሬ ቲቢንም ይናገራል። አስምን ግን ይደብቃል። በእኛ አገር አስም ከነዘሩ ይቆጠራል። ልጅ ለመዳር ሽማግሌ ሲላክ «በቤታችሁ የሚወረስ በሽታ አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በአስም ሲሞት ያልተዳሩት እኅት ወንድሞቹ ይታሰባሉ። «ምች መታው» ይባላል። ምች ፀሐይ የሞቀውን፣ ሽታ የነካውን ሁሉ ይመታል፤ ዘር አያስቆጥርም፣ ማንንም ቆሞ አያስቀርም።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ ማርቆስ እየጠሩ ስብሰባ ያደርጉልናል። በግድግዳው ላይ በየበሽታው የሞተውን ሰው ቁጥር የሚያሳዩ የአገሪቱን መሥመሮች ያሳዩናል። የአስም ሞት መሥመር ቁልቁል ትወርዳለች፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። አቶ አንሙት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይከታሉ።

«ለምን አያጨበጭቡም?» አልኋቸው አንድ ጊዜ።

«መድኃኒቱ በደረሰበት አገር በእውነት ቀንሶ ይሆናል። ለዚያ አጨበጭብ ነበር። ግን የቱ በመድኃኒት የቱ በዝምታ እንደቀነሰ እስካላወቅሁ እጄን ይብረደው» አሉኝ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔን ጥቂት ጊዜ ደብረ ወርቅ መደቡኝ። አገሩ የካህናትና የተማሪዎች አገር ነው፤ የአባታቸውን አሟሟት ስጠይቃቸው ሰምና ወርቅ አድርገው የሚነግሩኝ ነበሩ። ታብሌቱ የሚቀበለው «አዎ»ና «የለም» ብቻ ስለሆነ ስንከራከር እንውላለን። ከዚያ ወደ ይጁቤ ተዛወርሁ። ቀሪው ታሪኬ እዚያ ነው። የቀበሌውን ስም አልጽፍም።

ይታይሽ የምትባል ልጅ በኅዳር ሞተች። የአቶ ስንሻውና የወይዘሮ አትጠገብ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ከሃያ ብዙም አላለፋት። አርባዋ ካለፈ በኋላ ሄድሁ። አትጠገብ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ አጥንተ ጠንካራ ሴት ናት። መሬት ተቀምጣ ነበር፤ እኔም መሬት ተቀመጥሁ።

«ከአውድማ መጣች። ራሴን አለች። ተኛች። ምች ነው» አለችኝ።

«ስትተነፍስ ድምፅ ነበራት?»

«የለም።»

«ሌሊት እንዴት ነበር—»

«እንደ ሰው ነው የምትተኛ።»

«ዳገት ስትወጣ—»

«ከፍየል ትሮጥ ነበር።»

ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነበር «የለም» የሚመጣው። በልቧ ጥያቄዎቹን ከእኔ ቀድማ የምታውቃቸው ትመስል ነበር። እኔ ደግሞ ዓይኔ መደቡ ላይ ነበር። ከግድግዳው ተጠግቶ፣ እህል ያለበት ከረጢት በከረጢት ላይ ተደርድሮ፣ በላዩ አጎዛ ተነጥፎ፣ ሰው ተደግፎ እንዲያድርበት ተሠርቷል። አጎዛው መሐሉ ላይ በጀርባ ቅርጽ ሰርጉዷል። ይህን ነው ስልክ የማያይልህ። ታብሌቱም ቢሆን አያይም፤ የሚቀበለው የተጠያቂውን አፍ እንጂ የጠያቂውን ዓይን አይደለም። ደንቡም ይህ ነው። «የለም፣ የለም፣ የለም» ብዬ ሞላሁና ተነሣሁ።

ከቤቱ ትንሽ እንደራቅሁ ከኋላዬ «እታለም፣ ይቆዩኝ» የሚል ሰማሁ። የይታይሽ ታናሽ እኅት ናት፣ ዝና። የውኃ ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጭ የምትሄድ መስላ ነው የተከተለችኝ። ያች ጉብታ እዚህ ግባ የማትባል ናት፤ ልጅቱ ግን እኔ ጋ ስትደርስ ጀሪካኑን አስቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች ቆየች። ጥርሷ መሐል የሚያፏጨውን እኔ አወቅሁት።

«ይገድላል እንዴ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

ከጉያዋ ሰማያዊውን የሚሳብ መድኃኒት አወጣች፤ እኛ ፓፍ የምንለውን። «የይታይሽ ነው። ሲብስብኝ እስበዋለሁ።»

ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ ነቀነቅሁት። ምንም የለበትም። አንድ ጊዜ አየር ላይ ተጫንሁት፤ እፍ ብሎ ቀረ።

«ልጄ፣ ይኼ ባዶ ነው።»

«ይሸታል እኮ፣ እትዬ። መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል።»

ለምን ጤና ጣቢያ እንደማትሄድ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ለዲያቆን ሀብታሙ ታጭታለች። በቁርባን ተጋብተው እሱ ቅስና ሊቀበል ነው፤ የቄስ ሚስት የምትሆን ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ትመረመራለች። አባቷ በሽማግሌዎቹ ፊት በቤታችን በሽታ የለም ብሎ ምሏል። በእኅቷ ሐዘን ምክንያት ሠርጉ ለከርሞ ጥር ተዛውሯል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ካርድ የምታወጣው ደግሞ የሀብታሙ እኅት ናት።

«እናትሽስ?»

«እናቴ ናት የምትደብቀኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ባለፍሁ ቁጥር ከማርቆስ ፓፍ እያመጣሁ አቀብላት ጀመር። ምንጩ አጠገብ ቁጭ ብለን አሳየኋት። ነቅንቂው፣ ያለሽን ትንፋሽ አውጪ፣ በከንፈርሽ ግጠሚው፣ ስትጫኚና ስትስቢ አንድ ላይ ይሁን፣ ከዚያ ያዢው። መጀመሪያ ሳቋ እየመጣ ተበላሸባት። ሲሳካላት ዓይኗ ተገለጠ፤ እስከ ዛሬ በሲሶ ትንፋሽ ነበር ለካ የምኖረው አለችኝ። ክረምቱን ደህና አለፈች።

ደንቡ ይህን አይፈቅድም። ጠያቂ በጠየቀችበት ቤት ኑሮ አትገባም። ልቤ ስላላረፈ አቶ አንሙት ቤት ሄጄ ነገርኋቸው።

«አንቺ የተቀጠርሽው የሞተውን እንድትጠይቂ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ? ወስነሽ ነው የመጣሽ» አሉና፣ «በቁርባን ነው የምታገባ አልሽ?»

«በቁርባን።»

«ከዋዜማው ጀምሮ በአፏ ምንም አይገባም። ፓፉስ?»

እኔ ይህን አላሰብሁትም ነበር። ሌሊት የምትነሣ፣ በጥር ብርድ ቤተ ክርስቲያን የምትቆም፣ ዕጣን የሚታጠንበት ቅዳሴ የምታስቀድስ አስመኛ ሙሽራ፣ መድኃኒቷን ጾም ይሽራል ብላ ከተወች ምን እንደምትሆን ግን አውቃለሁ፤ የዚያን ገበሬ እጅ ያየሁ ሰው ነኝ።

የቤተሰቡ ነፍስ አባት ቄስ ምናሉ ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው። ከቅጽሩ ሥር አገኘኋቸውና መስቀል ተሳልሜ ጠየቅኋቸው። ስም አላነሣሁም፤ የልጅቱን ምስጢር አደራ ይዣለሁ።

«አባ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሊቆርብ ቢሆን፣ የሚሳበውን መድኃኒት ጠዋት ቢወስድ ጾሙን ሻረ ይባላል?»

«ይዋጣል?»

«አይዋጥም። አየር ነው። ወደ ሳንባ ነው የሚሄድ።»

«እህል አይደለም፤ ውኃም አይደለም። ሌላው ካህን ምን እንደሚል አላውቅም። እኔን ከጠየቅሽ ግን ለታመመ ይፈቀዳል። ብቻ ቀድሞ ለነፍስ አባቱ ይንገር። በራሱ ሥልጣን አያድርገው።» ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ነው?»

«መጥቶ ይነግርዎታል» አልኋቸው።

ያን ሰሞን በይጁቤ ገበያ አትጠገብን አገኘኋት። ጌሾ እየሸጠች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ነገርኋት፤ ቄሱ ያሉትንም።

«ለነፍስ አባታችሁ ብቻ ትንገር። ምስጢር ይጠብቃሉ» አልኋት።

ጌሾዋን ማስተካከሏን አላቆመችም። «ቄስ ምናሉ ሀብታሙን ያስተማሩ ናቸው። ክህነቱን የሚመሰክሩለትም እሳቸው ናቸው። አውቀው ዝም ቢሉ እሳቸውን ኃጢአት ውስጥ መክተት ነው፤ ቢናገሩ ልጄን።»

«ቆማ ብትቀር ይሻላል ብትሞት?»

«አንቺ ሬሳ ስትቆጥሪ ኖረሽ አሁን ደግሞ በቁም ያለውን ልትቆጥሪብኝ መጣሽ?» አለችኝ። ከአጠገባችን ያሉት ሴቶች ዞር አሉ። እሷም ድምፅዋን ለወጠች። «ጌሾ ትገዢ እንደሆን ግዢ፤ አትገዢ እንደሆን ገበያዬን አትዝጊ።»

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ዝናን ምንጩ ጋ አገኘኋትና አዲስ ፓፍ ሰጠኋት። ቄስ ምናሉ ይፈቀዳል ብለዋል፣ ሄደሽ ብቻ ንገሪያቸው አልኋት። እሺ አለችኝ። ፀጉሯን ሊሠሯት ስለሚጠብቋት ቸኩላ ነበር።

ዜናውን የሰማሁት ይጁቤ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ሚኒባስ ላይ ተቀምጬ ረዳቱ ለሾፌሩ ሲነግረው። «ሙሽራዋ እኮ፣ ከነካባዋ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥታ ብዙም ሳትሄድ» አለው። ሾፌሩ «ዓይን ነው» አለ። ወርጄ በእግሬ ሄድሁ።

ቀብሯ ላይ ከኋላ ቆምሁ። ዓይን ነው ይላል አንዱ፤ ምች ነው ይላል ሌላው፤ ካባው ከብዷት ነው የሚልም ነበር። ሀብታሙ ግንብ ተደግፎ መሬት እያየ ነበር። ያን ልጅ ማንም ምንም አልነገረውም።

አርባዋ ሲያልፍ ለቢሮው ሌላ ጠያቂ ይላክ አልሁ። ሌላ ላኩ። አትጠገብ ከበር መለሰቻት። «ያችኛዋ ትምጣ» ብላ።

ሄድሁ። ከረጢቶቹ ከመደቡ ተነሥተዋል። መሬት ተቀምጣለች፤ ተቀመጥሁ። አቶ አንሙት እንዳስተማሩኝ ልጀምር ብዬ «ስትኖር እንዴት ያለች ልጅ ነበረች?» አልኋት።

«እሱን ታውቂያለሽ። ያን ዕቃሽን አውጪና ጠይቂኝ» አለች።

አወጣሁት። እሷ ግን ጥያቄዬን አልጠበቀችም።

«ገና ሳይነጋ ስናለብሳት ጀመራት። ያን ያመጣሽላትን አወጣች። ከቆረብሽ በኋላ አልኋት። ቄስ ምናሉ ይፈቀዳል ብለዋል፣ እትዬ ጥሩ ጠይቃልኛለች አለችኝ። ስምሽን ነግራቸዋለች ወይ አልኋት። አልነገረችም አለች። አንቺስ ሄደሽ ነግረሻቸዋል ወይ አልኋት። ፈርቼ ቀረሁ አለች። እንግዲያ የተፈቀደው ለሌላ ሰው ነው፣ ለአንቺ አይደለም አልኋት። ከእጇ ወሰድሁና መቀነቴ ውስጥ ቋጠርሁት።»

ታብሌቱን መሬት ላይ አስቀመጥሁት።

«ቅዳሴው ላይ ቆመች። እኔ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ ትከሻዋን ነው የማየው። ከካባው በታች ሲወጣ ሲወርድ። ቆረበች። ስትወጣ ከንፈሯ እንደ ዶቅማ ጠቁሯል። አሁን ልስጣት ብዬ እጄን መቀነቴ ላይ አደረግሁ። የሀብታሙ እናት ክንዷን ይዛታለች። የሱ ዘመድ ሁሉ ከቧታል። ትንሽ ዘወር እስኪሉ ብዬ ቆየሁ። አፍራ ነው አቀርቅራ አሉ። እኔም አዎ ዓይነ አፋር ናት አልሁ። እጄ መቀነቴ ላይ እንዳለ።»

ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹን በተራ ጠየቅኋት። ያፏጭ ነበር? አዎ። ተቀምጣ ነበር የምታድር? አዎ። ዳገት ያቋርጣት ነበር? አዎ። ከልጅነቷ ጀምሮ? አዎ። አባቷ አቶ ስንሻው በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። አንዴ «በቃሽ» አላት።

«የምድረው የለኝም» አለችው። «ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው የምደብቀው?»

እስኪወጣ ጠበቀችና ወደ እኔ ዞረች። «ጨረስሽ?»

«ጨረስሁ።»

«አሁን የይታይሽን ክፈቺው። ያኔ የዋሸሁሽን አስተካክዪልኝ።»

ቢሮ ሄድሁ። ኃላፊያችን ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

«እትዬ ጥሩ፣ ያ ዓመት ተዘግቷል» አለኝ።

«ይከፈታ።»

«ወደ ላይ ተልኳል። ተደምሯል። ታትሟል።»

«ልጅቱ በምች ተጽፋለች። እናቷ ዋሽቻለሁ እያለች ነው።»

«ገብቶኛል። ግን ለአንድ ሰው ብለው የአገር ቁጥር አይከፍቱም።»

«የአገር ቁጥር ከምን ከምን የተሠራ ነው? ከአንድ አንድ ሰው አይደለም?»

እፊቴ ወደ ላይ ደወለ፤ ደጋግሞም ደወለ። አይቻልም አሉት። ወደ ትልቁ ቢሮ ሄድሁ፤ ወንበር ሰጡኝ፣ አዳመጡኝ፣ እስከ በር ሸኙኝ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ስድብ እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው። በሆስፒታሉ በር ላይ የገፉኝ ሰዎች ቢያንስ እኔን ለማለፍ መግፋት ነበረባቸው።

ሰኔ ላይ ስብሰባው ተጠራ፤ ለእኔ የመጨረሻው ነው። መሥመሯ እንደተለመደው ቁልቁል ትወርዳለች። በእኛ በኩል ግን በትንሹ ቀና ብላለች። አትጠገብ በሰፈሯ በግልጽ መናገር ከጀመረች ወዲህ፣ ሐዘን ቤት ስገባ «አዎ» የሚሉኝ ሴቶች መጥተው ነበር። ከላይ የመጣው እንግዳ ጣቱን እዚያች ላይ አደረገና በዚህ አካባቢ ምን ችግር ተፈጠረ አለ።

«የሚሞተው አልበዛም። የሚናገረው ነው የበዛው» አልሁ ተነሥቼ።

«ይህ በጥናት መረጋገጥ አለበት» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ እኔ በእጄ ምንም ማስረጃ የለኝም። ተቀመጥሁ። ወደሚቀጥለው በሽታ አለፉ። በመጨረሻ ስለ ጡረታዬ ብርድ ልብስ ሰጡኝና አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ በኋላ አትጠገብ ጋ ሄድሁ። የሄድሁት ነገሩ እንዳልተሳካ ልነግራት ነው። መሄዱን ሳዘገየው ሰንብቻለሁ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ምስር ትለቅም ነበር። ነገርኋት፤ ያ ዓመት ተዘግቷል፣ ዝና በአስም ተጽፋለች፣ ይታይሽ ግን እንደ መጀመሪያው ናት፣ አይለወጥም አልኋት።

ጠጠር መልቀሟን ቀጠለች።

«አንድ እናት አንድ አባት፣ አንድ መደብ ላይ ያደጉ ልጆች» አለች በኋላ። «በመንግሥት ዘንድ በሁለት በሽታ ነው የሞቱ?»

«አዎ።»

«እንዲህ የተጻፉ ሌሎችስ ስንት ናቸው?»

«አላውቅም። የሚያውቅ ሰው የለም።»

ሰፌዱን አንዴ አንገዋለለችው።

«በሬዲዮ ሲያወሩ ሰማሁ» አለችኝ። «በአገራችን በአስም የሚሞተው ሰው ቀነሰ ይላሉ።»

«ይላሉ።»

«ይታይሽን አውጥተው ነዋ የቀነሰ።»

መድኃኒት በደረሰበት አገር በእውነት ቀንሷል ልላት ነበር። ያም እውነት ነው። ግን ለእሷ የሚነገር አልመሰለኝም። ከጎኗ ተቀመጥሁ፤ ሰፌዱን ወደ መሐላችን ሳበችልኝ፤ እስኪመሽ ድረስ ጠጠር ስንለቅም ቆየን።